የአስማተኛው ልጓም፦ ከፍራንክፈርቱ ፋውስት እስከ ጨዋታ ጠረጴዛው የቤት ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1587 ዮሐን ሽፒስ የተባለ የፍራንክፈርት አታሚ ደራሲው ያልተገለጸ አንድ መጽሐፍ ለገበያ አቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ዶክተር ዮሐን ፋውስት የሚባል ሊቅ ነፍሱን ለዲያብሎስ አሳልፎ ሰጥቶ የአስማት ኃይል ስለ ማግኘቱ ይተርካል። ታሪኩን ዛሬ እንደገና የሚያነብ ሰው ልብ የሚለው አንድ ነገር አለ፤ የመጽሐፉ ምሰሶ አስማቱ ሳይሆን ውሉ ነው። ፋውስት በገዛ ደሙ የፈረመው ውል ዘመን አለው፤ 24 ዓመት። ግዴታ አለው፤ ክርስትናውን ይክዳል። ክልከላም አለው፤ ሚስት ላግባ ብሎ ሲነሣ፣ ጋብቻ እግዚአብሔር የሠራው ሥርዐት ነውና ከገባኸው ቃል ጋር አይስማማም ተብሎ ይመለሳል። ሁሉን ማድረግ የሚችለው ሰው፣ ማድረግ የማይችለው ነገር ተቆጥሮ ተሰጥቶታል።

ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በዚያው ከተማ፣ በአንድ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ የፋውስት ጥያቄ በሌላ መልክ ገጠመኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአምስት ወጣቶች ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። ወጣቶቹ እዚሁ የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች ናቸው፤ እኔ የጨዋታው መሪ ነኝ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በቃል ይተውናል፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል፤ በመጨረሻ የሚፈርደው መሪው ነው። አንዱ ልጅ አስማተኛ፣ አንዷ ልጅ ጦረኛ ነበሩ። መጀመሪያ አስማተኛው ደካማ ስለ ነበር ጦረኛዋ ከለላ ሆነችው። ከስድስት ወር በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የተቆለፈ በር ሲያጋጥም አስማተኛው በድግምት ይከፍተዋል፤ ጠላት ሲመጣ በእሳት ኳስ ይፈጀዋል፤ ገደል ሲገጥም ጓደኞቹን አብርሮ ያሻግራል። አንድ ቀን ጦረኛዋ ዳይሷን አስቀምጣ «ጋሼ፣ ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም።

የልጅቱ ጥያቄ የጨዋታ ብቻ አይደለም። አንዱ ብዙ ኃይል፣ ሌላው ጥቂት ኃይል ይዞ በአንድ ማኅበር አብረው መኖር የሚችሉት በምን ዓይነት ሕግ ነው? ሕጉን የሚያወጣውስ ማን ነው? መቼስ ይለወጣል? የሚና ጨዋታ የኃምሳ ዓመት ታሪክ፣ ከጀርባው ካለው የሁለት መቶ ዓመት የጦርነት ጨዋታ ታሪክ ጋር ተደምሮ፣ ለዚህ ጥያቄ ሰፊ ቤተ ሙከራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሚዛን የሚጎድለው መቼ ነው?

ኃይል መብዛቱ ብቻውን ጨዋታን አያበላሽም። ለዚህ ከሰንጠረዥ የተሻለ ምስክር የለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በአውሮፓ ሰንጠረዥ ላይ ትልቅ ለውጥ ተደረገ። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመውና ቀድሞ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመድ የነበረው ጠጠር፣ የዛሬዋ ንግሥት፣ በሁሉም አቅጣጫ የፈለገውን ያህል እንዲሄድ ተፈቀደለት። የአገራችን ሰንጠረዥ ግን አንዲት ቤት የሚራመደውን የጥንቱን ፈርዝ ይዞ ቆየ።

የኛው ሰንጠረዥ በበኩሉ ለአውሮፓውያን እንግዳ የሆነ ሕግ ነበረው፤ ወረራ። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠብቁም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደ ፈጠኑ ያሰልፋሉ። ተራ በተራ መጫወት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሄንሪ ሶልትና ዋልተር ፕላውደንን የመሳሰሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ስለዚህ ጨዋታ ጽፈዋል፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 ታሪኩን በጥናት መልክ አቅርቦታል።

ንግሥቲቱም ሆነች ወረራው ጨዋታውን አላፈረሱትም፤ ምክንያቱም ለሁለቱም ወገን እኩል ተሰጥተዋል። አንተ ንግሥት ካለህ እኔም አለችኝ። የሚና ጨዋታ ከዚህ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ተጫዋቾቹ የተለያየ ኃይል ይዘው ይቀመጣሉ። ሁለተኛ፣ ተቀናቃኞች አይደሉም፤ በአንድ ወገን ናቸው። ስለዚህ ሚዛን ሲጎድል የሚሸነፍ ሰው የለም፤ ዝም የሚል ሰው ይኖራል እንጂ። ጦረኛዋ አልተሸነፈችም፤ እንዲያውም ቡድኗ በየሳምንቱ ያሸንፍ ነበር። የጎደላት ድል ሳይሆን ድርሻ ነው። በድል ብቻ የሚመዝን መሪ ይህን ጉድለት ማየት አይችልም፤ እኔም ስድስት ወር ሙሉ አላየሁትም።

ዳኛው ከየት መጣ?

እንዲህ ያለ ጨዋታ ያለ ዳኛ አይቆምም፤ የዳኛው አባት አገር ደግሞ ይኸው ጀርመን ነው። በ1812 ባሮን ፎን ራይስቪትዝ የተባለ ሰው ለፕሩሲያው ንጉሥ ለሣልሳዊ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም የጦርነት ጨዋታ አቀረበ። ልጁ፣ የመድፈኛ መኮንኑ፣ በ1824 አሻሽሎ አሳተመው። ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ዳኛው ካርታው ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ማን ምን እንዳየ ይነግራል፤ የተኩስን ውጤት ከሠንጠረዥና ከዳይስ ያሰላል። የጦር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ሙፍሊንግ ነገሩን ካየ በኋላ ለመላው ሠራዊት እንዲዳረስ ደገፈው።

ከኃምሳ ዓመት በኋላ ግን መኮንኖቹ በደንቡ ብዛት ተሰላቹ። በ1876 ዩሊዩስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን ሠንጠረዡንና ዳይሱን ትታችሁ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ፍርድ ይወስን የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ትምህርት ቤቶች ቆሙ፤ አንዱ ጽኑ ደንብን፣ ሌላው የዳኛን ማስተዋል የሚያስቀድም። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ደንብ ወይስ ነጻ ውሳኔ እያሉ የሚከራከሩበት ጥያቄ በጦር ሜዳ ካርታ ላይ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር ማለት ነው።

ወግ አጥባቂ ወይም ለዘብተኛ ሳንባል ሁለቱም ወገኖች እውነት እንዳላቸው እንቀበል። ደንቡ ለሁሉም አስቀድሞ ይታወቃል፤ ነገር ግን ያልታሰበውን አያይም። ዳኛው ያልታሰበውን ያያል፤ ነገር ግን ማንን እንደሚወድ አይታወቅም። የነጻው ጨዋታ ሐሳብ የሠራው ዳኛው በማዕረግም በልምድም ከተጫዋቾቹ በላይ በሆነበት ሠራዊት ውስጥ ነው። ዳኛው ከጓደኞቹ አንዱ ሲሆን የሚታመንበት ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ዳኛው አትላንቲክን ተሻገረ። አሜሪካዊው ቻርልስ ቶተን በ1880 ስትራቴጎስ የተባለ የራሱን የጦርነት ጨዋታ አሳተመ። በ1969 በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ወጣት ከዚህ መጽሐፍ ተነሥቶ ብራውንስታይን የሚባል ጨዋታ ፈጠረ፤ ተጫዋቾቹም ጦር ማዘዛቸውን ትተው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው ሆኑ። ባልደረባው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወደ ምናባዊ ዓለም አሻገረው። በጎረቤቱ በዊስኮንሲን ግዛት ደግሞ ጋሪ ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር በ1971 ቼይንሜይል የተባለ የመካከለኛው ዘመን ውጊያ ደንብ አሳትሞ በጀርባው ስለ አስማተኞች ጥቂት ገጾች ጨምሮ ነበር። የሁለቱ ልፋት ተገናኝቶ በ1974 መጀመሪያ ሦስት ትናንሽ ደብተሮች ሆኖ ወጣ፤ ያ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ነበር።

የሚረሳ ድግምት

በቼይንሜይል አስማተኛው በእሳትና በመብረቅ የሚመታ የመድፍ ምትክ ነበር። መድፍን ከመቶዎች መካከል አንድ መሣሪያ አድርጎ ማሰለፍ ይቻላል። መድፉ ሰው ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ሲጓዝ ግን ጣጣው ይጀምራል። ጋይጋክስ መፍትሔውን ከጃክ ቫንስ ልብ ወለድ ወሰደ። በቫንስ የ1950 መጽሐፍ «ዘ ዳይንግ ኧርዝ» ውስጥ አስማተኛ ድግምቱን በብዙ ልፋት ያጠናል፤ አንዴ ከደገመው ግን ከአእምሮው ይጠፋል። በ1974ቱ ደንብ ጀማሪ አስማተኛ በቀን አንዲት ድግምት ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ጥሩር መልበስ አይፈቀድለትም፤ ከጩቤ በቀር መሣሪያ አይዝም። ጦረኛው 2,000 ነጥብ ሲያገኝ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ያልፋል፤ አስማተኛው ግን 2,500 ያስፈልገዋል።

እነዚህ ሁሉ ገደቦች በአንድ ግምት ላይ የቆሙ ናቸው፤ አስማተኛው ዛሬ ይደኸያል፣ ነገ ይበለጽጋል፣ በድምሩ ይካካሳል የሚል ግምት። ጦረኛው በየደረጃው እኩል እርምጃ ሲራመድ አስማተኛው በየደረጃው የድግምቱም ቁጥር፣ የእያንዳንዱም ድግምት ብርታት አብረው ያድጋሉ። የእሳት ኳሱ ጉዳት ራሱ ከደረጃው ጋር ይጨምራል። የሁለት ዕድገቶች ብዜት ስለ ሆነ ልዩነቱ ቀጥ ባለ መስመር አይሄድም፤ ይጎብጣል።

በጊዜ ውስጥ የተዘረጋ ማካካሻ ችግሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ላይገናኙ መቻላቸው ነው። በመጀመሪያው ወር አስማተኛ ሆኖ ተጫውቶ የሞተው ልጅ የተከፈለው ነገር የለም። በስድስተኛው ወር ጦረኛ ሆና የመጣችው ልጅ ደግሞ ያላገኘችውን ዘመን ዕዳ ትከፍላለች። «ዛሬ ታገሡ፣ ነገ ይደርሳችኋል» የሚል የልማት ፖሊሲ የሰማ ሰው ይህን ሒሳብ ያውቀዋል።

ሌሊቱን የሚወስነው ማን ነው?

ከሁሉ የሚደንቀው ቀዳዳ ግን ሌላ ነው። ድግምት በቀን ተለክቶ ከተሰጠ፣ ቀኑ የሚያልቀው መቼ ነው? ተጫዋቾች መልሱን ለማግኘት አልዘገዩም፤ እንቅልፍ በተወሰደ ጊዜ። ስለዚህ አስማተኛው በመጀመሪያው ክፍል ያለውን ሁሉ ይተኩሳል፤ ከዚያም ቡድኑ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ በማግስቱ አስማተኛው ሙሉ ሆኖ ይነሣል። ጀብዱው በቀን ለሩብ ሰዓት ብቻ ይሠራል ተብሎ እስኪቀለድበት ድረስ ይህ ዘዴ የተለመደ ሆነ። በወረቀት ላይ ገደቡ እንዳለ ነው፤ የገደቡ ሰዓት ግን በሚገደበው ሰው እጅ ገብቷል።

ጀርመን ይህን ቀዳዳ በጨዋታ ሳይሆን በደም አውቃዋለች። የቫይማር ሕገ መንግሥት 48ኛ አንቀጽ ፕሬዚዳንቱ በአስቸኳይ ጊዜ በድንጋጌ እንዲያስተዳድር ይፈቅድ ነበር፤ ልጓሙም ምክር ቤቱ ድንጋጌውን መሻር መቻሉ ነው። በሐምሌ 1930 ምክር ቤቱ ይህን መብቱን ተጠቅሞ የብሩኒንግን መንግሥት የበጀት ድንጋጌ ሻረ። ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ በዚያው ቀን ምክር ቤቱን በተነ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም ድንጋጌው እንደገና ወጣ። የመሻር ሥልጣኑ አልተነካም፤ የሚሽረው አካል ግን እንዲተኛ ተደረገ።

የኛ የ1995 ሕገ መንግሥት 93ኛ አንቀጽም በጊዜ የተለካ ኃይል ይሰጣል። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸድቃል፤ ዘመኑ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። ጽሑፉ የእያንዳንዱን ዘመን ርዝመት ይወስናል፤ የእድሳቱን ብዛት ግን አይቆጥርም። አንባቢ በዚህ ጉዳይ የየራሱ አቋም ሊኖረው ይችላል። ከጨዋታው የምንማረው ግን አንድ ጠባብ ነገር ነው። በጊዜ የተገደበ ኃይል ሲገጥመን ርዝመቱን ከመጠየቃችን በፊት ሰዓቱን የያዘው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።

አራት መልሶች

አስማትን በልኩ ለማኖር የተሞከሩት መንገዶች ብዙ ናቸው፤ በአራት ልመድባቸው እችላለሁ።

የመጀመሪያው ማገድ ነው። ለዚህ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። ንጉሡ በመጽሐፈ ብርሃንና በጦማረ ትስብእት አስማተኞችንና ጠንቋዮችን አጥብቆ ተዋግቷል፤ ሕዝቡም በግንባሩና በእጆቹ ላይ ሥላሴን የሚያምን፣ ዲያብሎስንም የሚክድ ጽሑፍ እንዲያስር አዝዟል። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው በጣዖት አምልኮ የተጠረጠሩ የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ ተቀጥተው ሞተዋል። የዚህ ሁሉ ጽናት ውጤት ምን ሆነ? በአስማት የሚታሙት ደብተሮች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልወጡም፤ ክታቡም እስከ ዘመናችን ተጻፈ። እንዲያውም ድግምትን ለመከላከል በአንገትና በክንድ የሚታሰር ጽሑፍ ከክታብ ምን ያህል ይርቃል? ተፈላጊ የሆነን ኃይል በዐዋጅ ያገደ ሰው ብዙውን ጊዜ የኃይሉን መልክ ይወርሳል። በጨዋታ ጠረጴዛም «አስማተኛ የሚባል የለም» ያሉ መሪዎች አስማቱ በካህንና በተማረከ ጋኔን በኩል ተመልሶ ሲገባ አይተውታል።

ሁለተኛው ማስተካከል ነው። በ2008 የወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አራተኛ እትም ጦረኛውንም አስማተኛውንም በአንድ መዋቅር አስቀመጣቸው፤ ሁሉም እንዳሻው የሚጠቀምበት፣ በአንድ ውጊያ አንዴ የሚጠቀምበት፣ በቀን አንዴ የሚጠቀምበት ኃይል ተሰጠው። በሒሳብ ረገድ የተሳካ ሥራ ነበር። ነገር ግን ብዙ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀመሱብን ብለው ሸሹ፤ በ2009 ፓይዞ የተባለው ኩባንያ የቀድሞውን ደንብ ተከትሎ ፓዝፋይንደርን ሲያወጣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ተከተሉት። ሰዎች እኩል ድርሻ ይፈልጋሉ፤ ለዚያ ሲባል መልካቸው እንዲጠፋ ግን አይፈቅዱም። ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ለሚከራከር አንባቢ ይህ ልዩነት እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛው አስማቱን ከሰው ጋር ማሰር ነው። የ2014ቱ አምስተኛ እትም ሁለት ጥሩ ልጓሞች አበጀ። አስማተኛው ትኩረት የሚጠይቁ ድግምቶችን በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ይዞ ማቆየት አይችልም፤ ከባድ ኃይል ያላቸው ዕቃዎችም ለባለቤታቸው ከተቆራኙ በኋላ ብቻ ይሠራሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ ከሦስት በላይ ማቆራኘት አይችልም። ይህን ስናነብ ክታባችን ትዝ ይለናል። ጥቅልል ክታብ በልማድ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ከራስ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። በውስጡ የክርስትና ስሙ ይጻፋል። ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይገባል። በአንድ ሰው ልክና ስም የተበጀ ኃይል እንደ ገንዘብ አይከማችም። ደብተራው ስለ ጨዋታ ሚዛን አልተጨነቀም፤ ያገኘው መፍትሔ ግን ከሁሉም ጨዋ ነው።

አራተኛው ሕጉን ወደ ዓለሙ ውስጥ ማስገባት ነው። በ1984 ኡልሪኽ ኪዞቭና ባልደረቦቹ ያወጡት የጀርመን የሚና ጨዋታ «ዳስ ሽቫርሰ አውገ» አስማትን በከዋክብታዊ ኃይል ነጥብ ይለካል፤ ነጥቡ በድግምት ይወጣል፣ በዕረፍትም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከነጥቡ ይልቅ የሚማርከኝ ግን የጨዋታው ዓለም ራሱ ለአስማተኞች ማኅበራት፣ አካዳሚዎችና «ኮዴክስ አልቢሪኩስ» የተባለ ሕግ ያለው መሆኑ ነው። አስማተኛው ከባድ መሣሪያ የማይታጠቀው ዳኛው ስለ ከለከለ ሳይሆን ማኅበሩ ስለሚጠይቀው ነው። በ1987 የወጣው አርስ ማጂካ የተባለው አሜሪካዊ ጨዋታም በዚህ መንገድ የበለጠ ገፋ። አስማተኞች ከሌላው ሰው እጅግ እንደሚበልጡ በግልጽ ተቀበለ፤ ከዚያም ሥርዐተ ማኅበር አወጣላቸው፤ ተጫዋቾቹም ተራ በተራ አንድ ጊዜ አስማተኛውን፣ ሌላ ጊዜ ባልንጀራውን ወይም አሽከሩን እንዲጫወቱ አደረገ። ኃይሉ እኩል አልሆነም፤ ወንበሩ ግን ዞረ።

የፍራንክፈርት አስማት

ፍራንክፈርት ለፋውስት ያላት ዕዳ በሽፒስ አላበቃም። ጎተ እዚሁ ከተማ በ1749 ተወለደ። ከሞተበት ዓመት ከ1832 በፊት ተሟልቶ ያልታተመው የፋውስት ሁለተኛ ክፍል፣ ሜፊስቶፌሌስ ዕዳ ላጎበጠው ንጉሠ ነገሥት የወረቀት ገንዘብ ሲፈጥርለት ያሳያል፤ ገና ከመሬት ያልወጣ ሀብት ዋስትናው ሆኖ ይታተማል፤ ግብር ቤቱም ይደሰታል።

በመስከረም 2012 የቡንደስባንክ ፕሬዚዳንት ዬንስ ቫይድማን በዚሁ ከተማ ባደረገው ንግግር ይህን ትዕይንት አነሣ። ጊዜው እንዲሁ አልተመረጠም። ከሁለት ሳምንት በፊት የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የተቸገሩ አገሮችን የዕዳ ሰነድ መጠኑን አስቀድሞ ሳይወስን ለመግዛት የሚያስችለውን መርሐ ግብር ይፋ አድርጎ ነበር፤ ቫይድማንም ተቃዋሚ ነበር። አንዱ ወገን ገደብ የሌለው ድግምት አየ። ሌላው ወገን ቅድመ ሁኔታውን አሳየ፤ ርዳታውን የሚሻ አገር በመጀመሪያ የአውሮፓን የማረጋጊያ ተቋም መርሐ ግብርና ግዴታ መቀበል አለበት። በ2015 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት መርሐ ግብሩ ሕጋዊ ነው ሲል ፈረደ። መርሐ ግብሩ ግን እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ሥራ ላይ አልዋለም፤ መኖሩ መታወቁ ብቻ ገበያውን አረጋግቶታል።

ከዚህ ክርክር ማን ትክክል እንደ ነበር ለመፍረድ አልተነሣሁም። ለጠረጴዛዬ የወሰድኩት ትምህርት ሌላ ነው። ኃይሉ በመጠን ባይገደብም በሩ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቅድመ ሁኔታ ነበረ። ችግሩ የሚብሰው ኃይሉም ሰፊ፣ ቅድመ ሁኔታውም ኋላ የሚጻፍ ሲሆን ነው።

የጠረጴዛው ሕግ

እኔ የሠራሁት ስሕተት ይህኛው ነበር። ጦረኛዋ በቀረች በሳምንቱ፣ ውጊያ በተጋጋለበት ሰዓት፣ አስማተኛው የእሳት ኳሱን ሊወረውር ሲል «ከዛሬ ጀምሮ ሁለት እጥፍ ያስከፍላል» አልኩት። ልጁ ፊቱ ቀላ። «ጋሼ፣ ሕጉን የቀየሩት ስላሸነፍኩ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ደንቡን አንብቦ፣ ስድስት ወር በድካም ታግሦ፣ በተፈቀደለት መንገድ የመጣ ልጅ ነው። የበደለው ነገር የለም፤ በዳይዋ ሕጓ ናት። እኔ ግን የሕጉን ጉድለት በሰውየው ላይ አወራረድኩት። ያን ቀን ጨዋታው ሳያልቅ ተነሣን።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ለመጻፍ የጀርመን የማኅበራት ሕግ ረዳኝ ብል ያስቃል፤ ግን እውነት ነው። በዚህ አገር ዕድርም ሆነ የተማሪዎች ማኅበር ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኝ ሲፈለግ ቢያንስ ሰባት አባላትና የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ይጠየቃል፤ ደንቡን ለመለወጥም፣ ደንቡ ራሱ ሌላ ካላለ፣ ከተሰጠው ድምፅ ሦስት አራተኛው ያስፈልጋል። በዕድር ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም። ዕድርተኛ ቅጣቱን የሚቀበለው ቅጣቱ ቀላል ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ልቅሶው ሳይመጣ በፊት በተስማማበት ደንብ ስለሚቀጣ ነው።

ስለዚህ ለጦረኛዋ ደወልኩላትና እንድትጫወት ሳይሆን ሕግ እንድትጽፍ ጠራኋት። አምስቱም ተሰበሰቡ፤ አንድ ደብተር ገዛን፤ በአማርኛና በጀርመንኛ አራት አንቀጾች ጻፍን። አንደኛ፣ ሙሉ ዕረፍት ከተማ ውስጥ ወይም አስተማማኝ ሰፈር ውስጥ ብቻ ይወሰዳል፤ ሌሊቱን አስማተኛው ብቻውን አይወስንም። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ጀብዱ ውስጥ ድግምት የማይፈታው ቢያንስ አንድ ጉዳይ መሪው ያዘጋጃል፤ ይህ የአስማተኛው ሳይሆን የእኔ ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ ሕግ የሚለወጠው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት እንጂ ዳይስ ከተጣለ በኋላ አይደለም። አራተኛ፣ እያንዳንዱ አዲስ ሕግ ለአራት ቅዳሜ ይሞከራል፤ ከዚያም እንደገና ድምፅ ካልተሰጠበት በራሱ ይወድቃል።

ሦስተኛው አንቀጽ በአስማተኛው ልጅ ሐሳብ የገባ ነው፤ በቀጥታ በእኔ ላይ የተጻፈ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የመጀመሪያውን አንቀጽ ያረቀቀችው ጦረኛዋ ናት፤ በእርሱ ላይ የተጻፈ ቢሆንም እርሱም እጁን አወጣለት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ረጅም ክርክር ነበረ፤ መሪው ራሱ የሚያዘጋጀውን ፈተና ራሱ እንዴት ይመሰክራል አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም፤ በየወሩ ጦረኛዋ እንድትገመግመው ተስማማን።

ሚዛኑ ዛሬም ፍጹም አይደለም። አስማተኛው ከሁሉም በላይ ብርቱ ነው፤ እንዲሆንም እንፈልጋለን፤ ያለ እርሱ ዓለሙ ጭው ያለ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ቅዳሜዎች ሲያልቁ የዕረፍቱ ሕግ በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። የተቃወመችው ጦረኛዋ ነበረች። ሕጉ እርሷንም ቁስሏ ሳይድን እንድትዋጋ እንደሚያስገድዳት ልብ ብላ ነበር። ማሻሻያዋን ጽፋ አምጥታለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ዳይስ ከመጣሉ በፊት፣ ድምፅ እንሰጥበታለን።